ባር፣ ፒኤስአይ፣ ሜትር፦ የአንድ ቤት ውሃ ግፊት ሥራ ማስታወሻ

ቦታው አዲስ አበባ ነው፣ ጂ ፕላስ 2 መኖሪያ ቤት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሲመጣ የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያው ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው ሮቶ ይገፋል። ምድር ቤቱ ደህና ይወርድለታል። ላይኛው ፎቅ ያለው ሻወር ግን በእርሱና በሮቶው ውሃ መካከል 2.70 ሜትር ከፍታ ብቻ ስላለ ይንጠባጠባል። 2.70 ሜትር ማለት 0.26 ባር ነው፤ በዚህ ግፊት ሳሙና አይታጠብም።

የሚሠራው፦ ከማጠራቀሚያው ስቦ በቀጥታ ወደ ቧንቧዎቹ የሚገፋ ፓምፕ ግፊቱን አይቶ ከሚያስነሳውና ከሚያጠፋው ፕሬዠር ስዊች፣ እንዲሁም ውሃን በአየር ግፊት ከሚይዝ 24 ሊትር ፕሬዠር ታንክ ጋር መግጠም። ሮቶው መብራት ሲጠፋ በመጠባበቂያነት ያገለግላል፤ ፓምፑ ውሃውን መልሶ እንዳይገፋበት መውጫው ላይ ቼክ ቫልቭ ይገባለታል።

ቀን 1፦ ዕቃ ማየት

ዕቃው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ መጀመሪያ የታየው የቁጥሮቹ ዝብርቅርቅ ነው። የፓምፑ ሰሌዳ በሜትር ይናገራል፦ ከፍተኛ ሄድ (ውሃ መግፋት የሚችልበት ከፍታ) 42 ሜትር፣ መምጠጥ 8 ሜትር። ስዊቹ በፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፣ 40 ላይ አስነስቶ 60 ላይ ያጠፋል። ታንኩ በባር ነው፦ የአየር ሙሊቱ 1.5፣ የመጨረሻ አቅሙ 8። ዋናው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ግሊሰሪን የተሞላ ከ0 እስከ 6 ባር ነው። ቧንቧ መፈተሻው የእጅ ፓምፕ ጌጁ ከ0 እስከ 6 ሜጋፓስካል ነው። የጎማ ጌጁ ባንድ በኩል ፒኤስአይ፣ በሌላው ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር አለው። የመምጠጫው ጌጅ ደግሞ በኢንች ሜርኩሪ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ቋንቋ!

ካርቶን ላይ በማርከር ተጽፎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ይህ ነው፦

1 ባር = 100 ኪሎፓስካል = 0.1 ሜጋፓስካል = 14.5 ፒኤስአይ = 1.02 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር = 10.2 ሜትር ውሃ
1 ፒኤስአይ = 0.069 ባር = 0.70 ሜትር ውሃ
1 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር = 0.98 ባር = 14.2 ፒኤስአይ = 10 ሜትር ውሃ
1 ኢንች ሜርኩሪ = 3.39 ኪሎፓስካል = 0.345 ሜትር ውሃ

ስልክ ማውጣት ለሚሰለቸው፦ ፒኤስአዩን በ7 አባዝቶ ለ100 ማካፈል ባሩን ይሰጣል። 40 ሲባዛ 2.80 ይመጣል፣ ትክክለኛው 2.76 ነው፤ ለቧንቧ ሥራ ይበቃል። በባርና በኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር መካከል ያለው ልዩነት 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ እዚህ ሥራ ላይ እንደ አንድ ቢቆጠሩ የሚጎዳ ነገር የለም። ሜጋፓስካል ላይ ግን መዘናጋት አይቻልም፤ ስህተቱ በመቶኛ ሳይሆን በአሥር እጥፍ ነው የሚመጣው።

ማባዛትና ማካፈሉ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያሳስተው ዜሮው ነው፦ ቁጥሩ የተቆጠረው ከምን ተነስቶ ነው? ከፒኤስአይ ኋላ «ጂ» ከተጻፈ ከአካባቢው አየር በላይ ያለው ነው፤ «ኤ» ከተጻፈ ምንም አየር ከሌለበት ባዶ ተነስቶ ነው። አብዛኛው ጌጅ ምንም አይጽፍም፤ ያኔ የመጀመሪያው ነው ብሎ መያዝ ነው። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ሁለቱ በ1.013 ባር ይለያያሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን በ0.765 ገደማ ነው የሚለያዩት። የዚህ ሳምንት ችግር አብዛኛው የመጣው ከዚህች 0.25 ባር ነው።

ቀን 2፦ ፓምፑ የት ይቀመጥ

የመጀመሪያው ዕቅድ ፓምፑን ግቢው ላይኛው ጫፍ፣ ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ ማስቀመጥ ነበር። ጥላ አለው፣ መብራትም ቅርብ ነው። ማጠራቀሚያው ግን ተዳፋቱ ግርጌ ነው። በውሃ ልክ ሲለካ ከማጠራቀሚያው የመጨረሻ ዝቅተኛ ውሃ እስከ ፓምፑ አፍ 6.20 ሜትር ሆነ። ሰሌዳው «8 ሜትር ይመጥጣል» ስለሚል ምን ችግር አለው ተባለ።

ችግሩ ፓምፕ ውሃ አይስብም፤ አፉ ላይ ያለውን አየር ያሳሳል፣ ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ነው። ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ ይህን በሜርኩሪ ቱቦ ካሳየ ወዲህ የሚያከራክር ነገር አይደለም። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ 10.33 ሜትር ውሃ መደገፍ ይችላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከ76 እስከ 77 ኪሎፓስካል ብቻ ነው፤ ይህም 7.80 ሜትር ውሃ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ራሱ የሚያወጣው የእንፋሎት ግፊት 0.24 ሜትር ይቀንሳል፣ 7.56 ይቀራል። የሰሌዳው 8 ሜትር የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፤ ከ10.33 ላይ 0.24ና 8 ሲቀነስ ፓምፑ ለራሱ 2.1 ሜትር ያህል እንደሚፈልግ ያሳያል። 7.56 ሲቀነስ 2.1፣ 5.46 ሜትር። ቧንቧው ውስጥ ለሚጠፋው ገና ምንም አልታሰበም። 6.20 አይሆንም።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ማጠራቀሚያው ሙሉ ሲሆን ይሠራል፣ ለዚህም ነው የሚያታልለው። ውሃው ሲጎድል ውስጡ ጠጠር እንደገባበት ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ይለቃል። ሰው ደግሞ ጥፋቱ የፉት ቫልቩ (በመምጠጫው ጫፍ ውሃ ውስጥ ያለው፣ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘው) መስሎት እሱን ይለውጣል።

ለአየሩ ግፊት ስልክ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ ማየት አይጠቅምም። ጠዋት ላይ 1,020 ሄክቶፓስካል ይል ነበር፤ እሱ ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የሚታይ ቁጥር ነው። በ10 ተካፍሎ 102 ኪሎፓስካል ነው ብሎ የያዘ ሰው ጅቡቲ ወደብ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው። ጥሩ ቴርሞሜትር ካለ ጀበና ይበቃል፦ ንጹሕ ውሃ ሲንተከተክ 92.3 ዲግሪ ካሳየ አየሩ 76.5 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። እዚህ አካባቢ አንድ ዲግሪ ወደ 2.8 ኪሎፓስካል ስለሚያመጣ ቴርሞሜትሩ ግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት ብዙም አያጣላም።

ውሳኔ፦ ፓምፑ ወደ ታች ወረደ፣ ከዝቅተኛው ውሃ በላይ 2.80 ሜትር ላይ። ዝናብ እንዳይነካው የላሜራ ሣጥን ተሠራለት፣ ሁለት ጎኑ ተቀድዶ። የሞተሮች ደረጃ የሚወጣላቸው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ስለሆነ፣ በስስ አየር የሚቀዘቅዝ ሞተርን አፍኖ መዝጋት ጥሩ አይደለም።

ቀን 3፦ ውሸታሙ ጌጅ

ከሁሉም ጊዜ የወሰደው ይህ ነው።

ጌጅን ለማረም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጣሪያው ላይ ሮቶ ካለ የቆመ የውሃ ዓምድ አለ። ሁሉም ቧንቧ ተዘጋ፣ ምንም ውሃ እንዳይንቀሳቀስ። ከሮቶው የውሃ ፊት እስከ ጌጁ መሐል በሜትርና በቱንቢ ተለካ፦ 11.20 ሜትር። በ9.8 ሲባዛ 109.8 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 1.10 ባር ወይም 15.9 ፒኤስአይ። ጌጁ ይህን ማሳየት አለበት።

አዲሱ ግሊሰሪን ጌጅ 0.85 አሳየ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቧንቧው ውስጥ የተያዘ አየር ነው። ውሃ ተለቀቀ፣ እንደገና ተሞላ፤ ያው 0.85። ቦል ቫልቩ ግማሽ ተዘግቶ ይሆን? ውሃ ቆሞ ባለበት ግማሽ ቫልቭ ግፊት አይቀንስም፤ ይህ ከንቱ ፍለጋ ነው። ጌጁ ተፈትቶ በባዶ ሲታይ ዜሮ ላይ ነው፣ ስለዚህ ደህና ይመስላል። ዜሮው ሥር ግን ትንሽ የማቆሚያ ሚስማር አለች፤ መርፌው እሷን ተደግፎ ነው የቆመው። ጌጁ ተመልሶ ገብቶ ቫልቩ በዝግታ ሲከፈት ነገሩ ታየ። ውሃው ወደ ጌጁ ሲገባ ይሰማል፣ መርፌው ግን አይነቃነቅም፤ ቆይቶ፣ ቆይቶ ነው ከሚስማሯ የሚላቀቀው። ያቺ ዝም ያለባት ጊዜ 0.25 ባር ናት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጌጁ ውስጥ ያለው የታጠፈ ቱቦ፣ ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብት ያወጣበት፣ የሚለካው ከውስጡ ባለው ግፊትና ከውጩ፣ ማለትም ከጌጁ ቤት ውስጥ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ደረቅ ጌጅ ቤቱ ክፍት ስለሆነ ውጩ የአካባቢው አየር ነው። ግሊሰሪን ያለበት ግን ፈሳሹ እንዳይፈስ ታሽጓል። ባሕር ጠለል አጠገብ ሲታሸግ 1.01 ባር አየር አብሮ ታሽጎበታል። እዚህ ሲደርስ ውጩ 0.765 ቢሆንም ቤቱ ውስጥ ያለው የፋብሪካው አየር ነው፤ ያ አየር ቱቦውን ይጫነዋል፣ ጌጁም በሁሉም ንባብ 0.25 አጉድሎ ያሳያል። ከእውነተኛ 1.10 ላይ 0.25 ሲቀነስ 0.85።

መፍትሔው ደቂቃ አይፈጅም። ጌጁ ቀጥ ብሎ በቦታው ከተገጠመ በኋላ፣ ግንባሩ ላይ ያለችው የላስቲክ ውታፍ ጫፍ በምላጭ ትቆረጣለች። ትንሽ «ፍስ» ይላል። አንዳንዱ ጌጅ ክፍትና ዝግ የሚደረግ ምላስ አለው፤ መክፈት ብቻ ነው። ተኝቶ እያለ ከተቆረጠ ግን ግሊሰሪኑ እጅ ላይ ነው የሚመጣው። ከተቆረጠ በኋላ መርፌው ወደ 1.08 ወጣ። የቀረው 0.02 የዓይንና የመስመር ውፍረት ነው።

ይህን ያላወቀ ሰው የሚሠራው የተለመደ ነገር አለ፦ መርፌውን ነቅሎ «ወደ ትክክለኛው» መልሶ መትከል። ላስቲኳ አንድ ቀን ስታረጅና አየር ስታስገባ ያ ጌጅ በተቃራኒው 0.25 አስበልጦ ያሳያል።

እግረ መንገድ፣ ለማወዳደር የመጣው ደረቅ ጌጅ ከ0 እስከ 10 ባር፣ ክፍል 2.5 ነበር። ክፍል 2.5 ማለት የሙሉ ስኬሉ 2.5 በመቶ ሊሳሳት ይችላል፣ ማለትም 0.25 ባር፤ ከምንፈልገው ስህተት ጋር እኩል ነው። 1.1 ማሳየቱ መልካም ነው፣ ምስክር ግን አይሆንም። ለዚህ ነው ዓምዱ የተመረጠው።

ቀን 4፦ የቧንቧ ፍተሻ

አዲሱ መስመር ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ነው። ፍተሻው በ10 ባር ተወሰነ። ቀድሞ ፕሬዠር ታንኩ፣ ስዊቹና የሻወር ማሞቂያው ተነጠሉ፤ ታንኩ ራሱ 8 ባር ነው የሚችለው። ውሃ ከታች በዝግታ ገባ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ አየሩ እስኪያልቅ ተለቀቀ።

የእጅ ፓምፑ ጌጅ በሜጋፓስካል ነው። እጀታውን የያዘው ልጅ «10 ድረስ» ተብሏል። መርፌው 1 ላይ ሲደርስ «ገና ነው» ብሎ ቀጠለ፤ እጀታው እየከበደው ነበር። 1 ሜጋፓስካል 10 ባር ነው! 1.3 ላይ ቆመ፣ ምንም አልፈነዳም፣ ግፊቱም ወረደ። ስኬሉ 6 ላይ ስለሚያልቅ «10 ድረስ» የሚለው ትእዛዝ ማቆሚያ አልነበረውም። ከዚህ በኋላ ደንቡ ይህ ነው፦ ትእዛዙ ከነመለኪያው ይነገራል፣ የማቆሚያው ቦታ ደግሞ ጌጁ መስታወት ላይ በማርከር ይሰመራል። የጌጁ ስኬልም ለዚህ ሥራ ሰፊ ነው፤ በ60 ባር ስኬል ላይ ክፍል 2.5 ጌጅ 1.5 ባር መሳሳት ይፈቀድለታል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ የ0.2 ባር መውረድ ነው። ስለዚህ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ከ0 እስከ 16 ባር የሆነ ጌጅ ተጨመረበት።

የፒፒአር ጠባይ ሊታወቅ ይገባል። ቧንቧው ይለጠጣል፤ 10 ባር ላይ የቆመው በ10 ደቂቃ 9.4 ሆነ። ይህ መፍሰስ አይደለም። መልሶ ወደ 10 ማድረስ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አንዴ መድገም፤ ከዚያ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ0.6 ባር በላይ ካልወረደና በሚቀጥለው 2 ሰዓት ከ0.2 በላይ ካልወረደ መስመሩ ደህና ነው። የዛሬው 0.4፣ ከዚያ 0.1 ወረደ። የሚያፈስ ቧንቧ እየቆየ አይረጋም፣ በአንድ ልክ ይወርዳል።

ፍተሻ በጠዋት ነው የሚሠራው። ፀሐይ ቧንቧውን ስትመታ ግፊቱ ስለሚለዋወጥ ንባቡን ማመን ይቸግራል። ሌላው፣ ጌጁ ምድር ላይ ነው፤ 8.50 ሜትር ከፍ ያለው ላይኛው ሻወር የተፈተሸው በ10 ሳይሆን በ9.17 ባር ነው።

ቀን 5፦ ስዊችና ታንክ

ፓምፑ በፋብሪካው ማስተካከያ ተነሳ፣ እንደተጠበቀውም አልጠፋም። 60 ፒኤስአይ 4.14 ባር ነው፣ 42.2 ሜትር ውሃ። የመምጠጫው 2.80 ሲጨመር 45 ሜትር ይሆናል። ፓምፑ ደግሞ 42 ሜትር ላይ ያበቃለታል። መርፌው 3.7 ባር ላይ ሄዶ ቆመ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ የፓምፑ ሆድ እየሞቀ። አንድ ሰዓት ቢተው ውስጡ ያለው ውሃ በጣም ይሞቃል፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ሲልም ሊበላሽ ይችላል። ስዊቹ አልተበላሸም፤ ለዚህ ፓምፕ ያልታሰበ ነው።

የተፈለገው 1.6 ባር ላይ ተነስቶ 2.8 ላይ የሚጠፋ ነው፣ ማለትም 23 እና 41 ፒኤስአይ ገደማ። 1.6 ባር 16.3 ሜትር ነው፤ 8.50 ከፍታና ወደ 2 ሜትር የቧንቧ ኪሳራ ሲቀነስ ላይኛው ሻወር በመጥፎ ሰዓቱ 0.57 ባር ያገኛል። ከነበረው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

መብራቱ ከብሬከሩ ተዘጋ፣ የስዊቹ ክዳን ተነሳ። ትልቁ ዳዶ ሁለቱንም ቁጥር አብሮ ያወርዳል፤ ትንሹ ዳዶ የማጥፊያውን ብቻ ነው። ትልቁ ወደ ግራ 6 ዙር ገደማ ዞሮ ማስነሻው 1.6 ላይ መጣ፣ ማጥፊያውም 2.95 ሆነ። ትንሹ ቀስ እየተባለ ተፈታ፣ 2.8። ከትንሹ መጀመር ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

የታንኩ አየር የሚለካው ውሃው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ነው። ውሃ ውስጡ እያለ የሚነበበው የውሃው ግፊት ነው። ልኩ ከማስነሻው 2 ፒኤስአይ ዝቅ ያለ፦ 21 ፒኤስአይ፣ 1.45 ባር። ጎሚስታው ጋ ያለው ኮምፕሬሰር ይበቃዋል፤ የብስክሌት ፓምፕም ይሆናል፣ ለታገሠ።

ቀን 6፦ በባልዲ ማረጋገጥ

ታንኩ ከማጥፊያ እስከ ማስነሻ ስንት ሊትር ይሰጣል? የጌጁን ቁጥሮች እንዳሉ ይዞ የሚያሰላ፦ 24 × 1.45 × (1/1.6 − 1/2.8) ብሎ 9.3 ሊትር ያገኛል። የአየር ሕግ ግን የሚሠራው ከባዶ በሚቆጠር ግፊት ነው፤ ለእያንዳንዱ 0.765 ይጨመራል፦ 24 × 2.215 × (1/2.365 − 1/3.565)፣ 7.6 ሊትር። ባሕር ጠለልን የሚጨምር 7.1 ያገኛል። ፓምፑ 2.8 ላይ ሲጠፋ መብራቱ ተዘጋ፣ መርፌው 1.6 እስኪደርስ ውሃው በሊትር በተሰመረ ባልዲ ተቀዳ፦ 7.4።

የመምጠጫው ጌጅ ፓምፑ ሲሠራ 10 ኢንች ሜርኩሪ አሳየ፤ 3.45 ሜትር ነው። 2.80 ከፍታው ስለሆነ፣ 0.65 ለቧንቧውና ለፉት ቫልቩ ሄዷል። ይህ ቁጥር ለወደፊቱ ሐኪም ነው። ማጠራቀሚያው ዛሬ ባለበት ልክ ሆኖ ወደ 14 ከወጣ የፉት ቫልቩ ወንፊት ተደፍኗል፤ ከ8 በታች ወርዶ ከተንቀጠቀጠ ከመገጣጠሚያ አየር እየገባ ነው።

ጌጁ እስከ 30 ኢንች ተሰምሯል፣ እዚህ ከተማ ግን ፍጹም ባዶ እንኳ 22.6 ላይ ነው የሚያበቃው። ፍሪጅና ኤሲ የሚሠሩ ሰዎች ቫኩም ፓምፓቸው 29 አልደርስ ብሎ ዘይት የሚለውጡበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ቀሪ ሥራ፦ መምጠጫው ጌጅ ላይ 22.6ን በቀይ ማስመር፤ 1.6፣ 2.8፣ 1.45 እና 10 የሚሉትን ቁጥሮች ከነመለኪያቸው በላሜራው ሣጥን ክዳን ውስጥ መጻፍ፤ የታንኩን አየር ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መለካት።